በደወል ገመድ ሥር ያለፉ ዓመታት

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ደወል ገመድ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጥሁት በ13 ዓመቴ ነው። ቤተሰቦቼ የሚኖሩባት መንደር ስድስት ደወሎች ያሉት አሮጌ ማማ ነበራት፤ እሑድ ጠዋት የደወሎቹ ድምፅ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ስለ ነበር፣ አንድ ቀን ማን እንደሚደውላቸው ለማየት ጠመዝማዛውን የድንጋይ ደረጃ ወጣሁ። ስድስት ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ የሚናገር የለም፤ ገመዶቹ ብቻ በጣሪያው ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ተመልሰውም ይወርዳሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል፤ ደወል ያልደወልሁበት ሳምንት ግን ጥቂት ነው።

ሰው ሲሰማው ቀላል የሚመስለው ይህ ሥራ ያለው መላ ከተለመደው የደወል አደዋወል የተለየ ነው። ደወሉ ከትልቅ መንኰራኩር ጋር ተያይዞ ስለሚሰቀል፣ በመጀመሪያ አፉ ወደ ሰማይ እስኪዞር ድረስ ጥቂት በጥቂት እየተወዛወዘ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ገመዱ በተሳበ ቁጥር ሙሉ ክብ ዞሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኾ፣ እንደገና አፉን ወደ ላይ አድርጎ ሚዛኑን ይጠብቃል። ደዋዩ በመጀመሪያው ምት የሚይዘው ሳሊ የሚባለውን፣ ባለ ቀለም ሱፍ የተጠቀጠቀበትን ወፍራም የገመድ ክፍል ሲሆን፣ በሁለተኛው ምት ደግሞ የገመዱን ጫፍ ነው። አንደኛው ሃንድስትሮክ፣ ሌላው ባክስትሮክ ይባላል። በሊቨርፑል ካቴድራል የሚገኘው ቴነር፣ ማለትም ከሁሉም ትልቁ ደወል፣ ከ4 ቶን በላይ ይመዝናል፤ እንዲህ ያለውን ክብደት በጉልበት አዝዘዋለሁ የሚል ሰው ቶሎ ይደክማል። ሚዛኑ ላይ ሲደርስ በጣት የመያዝ ያህል ይቀልላልና፣ ትምህርቱ በአብዛኛው ያቺን ቅጽበት ማወቅ ነው።

እኔ ያወቅኋት በስብራት ነው። መማር በጀመርሁ በሁለተኛው ወር ገመዱን ከሚገባው በላይ ሳብሁትና ደወሉ ሚዛኑን አልፎ ስቴይ የሚባለውን ማገጃ እንጨት ሰበረው። ሳሊው ከእጄ ተመንጭቆ ወደ ጣሪያው ሲወነጨፍ አስተማሪዬ «ልቀቅ!» ብለው ጮኹ፤ ለቀቅሁ። ያን ጊዜ ገመዱን ይዞ የሚቀር ሰው አብሮ ተነሥቶ ክፉኛ ይጎዳል። ሽማግሌው አልተቆጡም። ቅዳሜ ዕለት ደወሎቹ ወደ ተሰቀሉበት ክፍል ይዘውኝ ወጥተው፣ አዲሱን ማገጃ ሲያስገቡ መፍቻውን እኔ እንድይዝ አደረጉኝ፤ እንጨቱ ደወሉና ማቀፊያው ከሚሰበሩ ይልቅ እርሱ እንዲሰበር ተብሎ የተመረጠ መሆኑንም በዚያው አስረዱኝ።

የምንደውለው ዜማ አይደለም፤ የቁጥር ቅደም ተከተል ነው። ትሬብል ከተባለችው ትንሿ ደወል ጀምሮ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ተብሎ ይደወላል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ያሉት ቦታ ተለዋውጠው 2፣ 1፣ 4፣ 3፣ 6፣ 5 ይሆናሉ፤ ቀጥሎ 2፣ 4፣ 1፣ 6፣ 3፣ 5። ከባድ ደወል በአንድ ዙር ብዙ ሊፈጥንም ሊዘገይም ስለማይችል፣ ከአንድ ቦታ በላይ አይሻገርም፤ ጥበቡ በሙሉ የተወለደው ከዚህ እጥረት ነው። ስድስት ደወሎች አንድም ሳይደገም 720 ቅደም ተከተል አላቸው፤ ሰባት ደወሎች 5,040፣ ስምንት ደግሞ 40,320። የምንደውለውን ሁሉ አንዲት ወረቀት ሳናይ ከቃላችን እንደውላለን። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው አታሚ ፋቢያን ስቴድማን ያወጣው ስልት፣ ማለትም ደወሎቹ ቦታ የሚለዋወጡበት ሥርዓት፣ ዛሬም በስሙ ይደወላል። በኖርዊች ከተማ በቅዱስ ጴጥሮስ ማንክሮፍት ቤተ ክርስቲያን 5,040ው ለውጥ ተሟልቶ የተደወለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1715 ነበር፤ በ1963 ደግሞ በሎፍቦሮ የደወል ማቅለጫ ማማ ውስጥ ስምንት ሰዎች፣ ሳይተካኩና ሳያርፉ፣ 40,320ውን በ17 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ጨርሰዋል። እኔ ፒል የሚባለውን፣ ሦስት ሰዓት ያለ ማቋረጥ የሚደወለውን ረጅም አደዋወል የሞከርሁ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ መንገዴ ጠፋኝና መሪው አስቆመን። በሁለተኛው ሙከራ ተሳካልኝ።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እየጠነከረብኝ የመጣ አንድ አሳብ አለኝ። ብዙ ደዋዮች ከአንዱ ውስብስብ ስልት ወደ ሌላው ለመሸጋገር ይቸኩላሉ፤ በምት መካከል ያለው ርቀት እኩል መሆኑን ግን አይሰሙም። ስድስት ደወሎች ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ይጮኻሉ፤ አንዱ በትንሹ ቢዘገይ ከታች በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ፣ ስለ ቁጥሩ ምንም ባያውቅ፣ መሰናከሉን ይሰማል። ውስብስብ ሆኖ ከሚንጋጋ ስልት ይልቅ ከ1 እስከ 6 ያለ ተራ ድግግሞሽ፣ ልክ እንደ ሰው እርጋታ ያለው እርምጃ ሆኖ ቢደወል እመርጣለሁ። ለዚህ ደግሞ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ትልቁ ደወል ለመዞር ጊዜ ስለሚፈጅ ቴነሩን የያዘው ሰው ገመዱን ቀደም ብሎ መሳብ አለበት፤ መቼ እንደሚስብ የሚነግረው ጆሮው ነው።

ይህን አጥርቶ ያሳየኝ በመስከረም 2022 የንግሥት ኤልሳቤጥ ሞት የተሰማ ጊዜ የደወልነው ደወል ነው። ለሐዘን በደወሉ ምላስ፣ ማለትም በውስጡ ባለው መምቻ፣ አንድ ወገን ላይ ቆዳ ይታሰራል፤ አንዱ ምት ጎልቶ ይሰማል፣ ተከታዩ እንደ ገደል ማሚቶ ይርቃል። ለንጉሥ ወይም ለንግሥት ሲሆን ግን በሁለቱም ወገን ይታሰራል። በዚያ ማታ መሰላሉ ላይ ቆሜ የቆዳውን ማሰሪያ በብርድ በደነዘዘ ጣቴ ሳጠብቅ፣ የዘይትና የነሐስ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ስንደውል ድምፁ ታፍኖ ስለ ነበር የሚሰማው በምት መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነበር፤ ማንም ስሕተቱን በሚያምር ድምፅ ሊሸፍነው አልቻለም።

ማክሰኞ ማታ በልምምዳችን ላይ ያለችው አዲሷ ተማሪ የ12 ዓመት ልጅ ናት። እስካሁን የገመዱን ጫፍ እኔ እየሳብሁ እርስዋ ሳሊውን ብቻ ትይዛለች። ባለፈው ሳምንት ሳሊው ወደ ላይ ሲወጣ ጣቶቿን በሰዓቱ ከፈተች፤ ስለ ምንም ነገር ሳልነግራት ቀና ብላ የደወሉን ድምፅ ጠበቀች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሁለቱንም ምት ብቻዋን ትሞክራለች፤ እኔ ከጎኗ እቆማለሁ።