ስንጥቁ የመጣው ከጥቁሩ ነው

የሰው ምስል በዘይት ቀለም እሠራለሁ። ስቱዲዮዬ ቤቴ ውስጥ ናት፤ ቀድሞ መኝታ ክፍል ነበረች። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ የማላበላሸው ሥዕል ስለነበረ ነው።

ክፍሉን ማሰናዳት ብዙ አላስቸገረኝም። ግድግዳውን ደብዘዝ ያለ ግራጫ ቀባሁት፤ ነጭ ግድግዳ ብርሃን እየመለሰ ጥላውን ያጠፋዋል። ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት በስስ ጨርቅ ጋረድኩ። ለማታ ሲአርአዩ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው) ከ90 በላይ የሆነ፣ ብርሃኑ የቀን ብርሃን የሚመስል የ5000 ኬልቪን አምፖል ገዛሁ። ሞዴሉ 20 ደቂቃ ይቀመጣል፣ 5 ደቂቃ ያርፋል። እግሩ ያረፈበትን ወለል ላይ በፕላስተር ምልክት አደርጋለሁ። እግሩ ቦታውን ከሳተ ትከሻውም አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ልጆቻቸው የአንዲት አዛውንት እናትን የቁም ሥዕል አዘዙኝ። ከኋላቸው ጥቁር መደብ፣ ነጭ የአንገት ልብስ። መደቡን በአይቮሪ ጥቁር ሠራሁት። ጥልቀት እንዲኖረው ብዬ የተልባ ዘይት ጨመርኩበት። ደግሜ ጨመርኩበት። እርጥብ ሆኖ ሲያበራ ልቤን ደስ አለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጣቴ ነካሁት፣ እጄን አልያዘኝም። ደርቋል አልኩ።

አልደረቀም። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተኖ አይደርቅም። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ነው የሚጠነክረው። መጀመሪያ ላዩ ቆዳ ያወጣል፤ ውስጡ ግን ለወራት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። አይቮሪ ጥቁር ደግሞ ከከሰለ አጥንት የሚሠራ፣ ብዙ ዘይት የሚጠጣ፣ ዘግይተው ከሚደርቁት ቀለሞች አንዱ ነው። እኔ እሱ ላይ ነው ዘይት ያፈሰስኩበት።

ከዚያ የአንገት ልብሱ ጠርዝ አላማረኝም። ወደ መደቡ ገፋ ላደርገው ፈለግሁ። ቲታኒየም ነጭ ከበርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም) ጋር ቀላቅዬ፣ በተርፐንታይን አቅጥኜ ጥቁሩ ላይ ቀባሁ። አምበር ማንጋኒዝ ስላለው በራሱም ፈጥኖ ይደርቃል። የማስረከቢያው ቀን ስለደረሰ ማድረቂያ ጠብታም ጨመርኩበት። በማግስቱ ደርቆ ሳገኘው እፎይ አልኩ።

በሰባተኛው ወር ትልቁ ልጃቸው ደወለ። «እማዬ አንገት ላይ የሆነ ነገር ወጥቷል» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ነጩ እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ ተከፋፍሏል፣ በስንጥቆቹ መሃል ጥቁሩ ያበራል። የተሰነጠቀው ጥቁሩ ከሥር ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ፊታቸው ምንም አልሆነም። ጥፍሬን ጥቁሩ ላይ ስጫነው ምልክቱ ቀረ። ላዩ ደርቆ ቆሟል፣ ታቹ ገና ይንቀሳቀሳል። እንዴት አይሰነጠቅ?

አዛውንቷ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አንገታቸውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ምን አለበት ልጄ፣ እኔስ ተሰነጣጥቄ የለ?» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ማድረቂያውን የሸጠልኝ ሰው «ለሁሉም ቀለም ይሆናል» ብሎኝ ነበር። እስካሁን ያናድደኛል። ትምህርት ቤት «ዘይት ያነሰው ከታች፣ የበዛው ከላይ» የሚለውን ሕግ ለፈተና ሸምድደናል። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የመድረቂያ ጊዜ እንዳለው ግን አንድም መምህር ሁለት ቱቦ ከፍቶ አላሳየንም። ከሁሉም በላይ የምናደደው በራሴ ነው። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

የተሰነጠቀውን በምላጭ ፋቅኩ፣ ከሥሩ ያለውን ጥቁርም ጭምር። መደቡን ያለ ተጨማሪ ዘይት በስሱ መልሼ ሠርቼ አራት ወር ጠበቅሁ። ያለ ክፍያ አስረከብኩ።

አሁን ጨለማ መደብ በአይቮሪ ጥቁር አልጀምርም። በርንት አምበርና አልትራማሪን ሰማያዊ ስቀላቅል በቂ ጥቁር አገኛለሁ፣ ቶሎም ይደርቃል። ዚንክ ነጭ ከጊዜ ጋር ተሰባሪ ስለሚሆን ከፓሌቴ አውጥቼዋለሁ። ቫርኒሽ (ያለቀ ሥዕል ላይ የሚቀባ መከላከያ) ለመቀባት 6 ወር ጠብቁ ይባላል፤ እኔ ወር አልቆጥርም። በጣም ወፍራም በሆነው ቦታ ጥፍሬን እጫናለሁ። ከገባ ዓመትም ቢሆነው አልቀባም። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ሲደርቅ ይሞቃል፣ በራሱ እሳት ሊያነሳ ይችላል። እኔ ውሃ ያለበት፣ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምከተው።

ለእያንዳንዱ ሥዕል የተጠቀምኩበትን ቅልቅል አሁን በቁራጭ ሰሌዳ ላይ እየቀባሁ፣ ከኋላው ቀኑን ጽፌ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ። የመጀመሪያው ሰሌዳ ያ ጥቁር ነው። በዓመቱም ጥፍሬ ይገባበት ነበር።