እርካብህ አጥሯል

ባሕር ዳር፣ የካቲት

ጉልበቴ ዛሬም ትንሽ ትንሽ ያመኛል። ጥፋቱ የራሴ ነው። አራት ወር ሙሉ ባለ አንድ ጎማ ሳይክል ላይ እንደ እንቁራሪት ተጣጥፌ ከረምኩ። «እንቁራሪት» ያሉት አጎቴ ናቸው። ወደሳቸው እመጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ለእረፍት ሊመጣ ሲል ደውሎ «ምን ላምጣልህ?» አለኝ። ሌላው ሰው ስልክ ይላል፣ ጫማ ይላል። እኔ ዩኒሳይክል አልኩት። ልጅ እያለሁ ሰርከስ ላይ አይቻት ከልቤ ሳትወጣ የቀረች ነገር ናት። ሳቀና «ጎማዋ ስንት ኢንች?» አለ።

እኔ ሳይክል ላይ ያደግኩ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም፣ ሐይቅ ዳሩም በሳይክል ነበር። የማውቀው ቁጥር 26 ነው። ቁመቴ ደግሞ 1 ሜትር ከ78። ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ «26» አልኩት። ሻጩ ግን «ለጀማሪ 20 ይሻለዋል» ብሎ እሷኑ አስያዘው። ሻንጣው ተከፍቶ ሳያት ተናደድኩ። የሕፃን መጫወቻ መሰለችኝ። አንድ ባለ ባጃጅ ደግሞ አይቶኝ ቆመና «ግማሹን ሸጥከው እንዴ?» አለኝ።

ሻጩ ትክክል ነበር። ተራ ሳይክል ላይ ሰው ሲረዝም ቴላዮውም፣ ብረቱ አካሉ ማለት ነው፣ ይተልቃል። እዚህ ግን ሰንሰለት የለም። ፔዳሉ የታሰረው ጎማው መሐል ላይ ነው። እግርህ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፣ አለቀ። ማርሹ ራሱ ጎማው ነው ማለት ነው። ባለ 20ዋ በአንድ ዙር 1 ሜትር ከ60 ያህል ትሄዳለች። ባለ 26ቷ ከ2 ሜትር ታልፋለች። ትልቁ ይፈጥናል፣ ግን ለማስነሳቱም ለማቆሙም ጉልበት ይፈልጋል። ላልለመደ ሰው ፍጥነት ምን ይሠራለታል? ቶሎ መውደቂያ ነው። ባለ 36 ኢንችም አለ አሉ፣ ረጅም መንገድ የሚኬድበት። እሱ ላይ የምቀመጥበትን ቀን አስባለሁና ብቻዬን እስቃለሁ።

ቁመት የሚቆጠረው ኮርቻው ላይ ነው። የእግር ልክ ያስፈልጋል ሲሉኝ ታዲያ ምን አደረግኩ? ልብስ ሰፊዬ ጋ ደወልኩ። ደብተሩን ገልጦ «የውስጥ እግርህ 74 ነው» አለኝ። ወደ ቤት ገብቼ ኮርቻውን የተሸከመውን ቱቦ እስከ መጨረሻው ምልክት ድረስ ሳብኩት። ቱቦው ላይ «ከዚህ በላይ አታውጣ» የሚል መስመር አለ። ከታችኛው ፔዳል እስከ ኮርቻው ጫፍ ስለካው 74። እግዜር የላከልኝ ነው የመሰለኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ዝቅ ማለቷን ወድጄዋለሁ። ፈሪ ሰው መሬት ሲቀርበው የሚተርፍ ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው መከራ ነው። በየማለዳው ባጃጅ ሳይበዛ ዘንባባ ወዳለበት መንገድ እወጣለሁ። መለኪያዬ ከዘንባባ ወደ ዘንባባ ነው። ሦስት ዘንባባ ሳልጨርስ ጭኔ ይቃጠላል፣ እንቀጠቀጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ችሎታ የለኝም ብዬ ደመደምኩ። አንዴ ደግሞ ጎማዋ ተንፍሶ አሠራኋትና መንገድ ላይ የግራው ፔዳል ተፈትቶ እጄ ላይ ቀረ። የሠራት ሰው ጎማውን አዙሮ ገጥሞት ኖሯል። የግራ ፔዳል ጥርስ ተቃራኒ ነው፤ ቀኝና ግራው ከተለዋወጠ በተነዳ ቁጥር ራሱን ይፈታል። ያን ቀን ተስፋ ቆርጬ ልሸጣት ነበር። ማን ይገዛኛል!

በጥር መጨረሻ አጎቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከእንጅባራ መጡ። አጎቴ ፈረሰኛ ናቸው። ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሳቸውን ሸልመው ሜዳ ላይ ካልወጡ ዓመቱ የገባ አይመስላቸውም። በር ላይ ቡናቸውን ይዘው ግድግዳ ይዤ ስውተረተር ሲያዩኝ ቆዩ። ሲኒውን አስቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ እርካብህ አጥሯል።»

«እርካብ የላትም እኮ አጎቴ።»

«እግርህን የምታስቀምጥበት ምንድን ነው ታዲያ? ጉልበትህን እየው፣ እንደ እንቁራሪት። ፈረስ ላይ ስትቀመጥ ሸክሙ የፈረሱ ነው። አንተ ግን ራስህን ተሸክመህ ነው የምትሄድ።»

ደነገጥኩ። አራት ወር ሙሉ ኮርቻ ላይ አልተቀመጥኩም ነበር! ክብደቴ ሁሉ ፔዳሉ ላይ ነው። ጎማው የሚንቀጠቀጠውም ጭኔ የሚቃጠለውም ለዚህ ነው። «እርስዎ ከየት አወቁት?» ስላቸው ሲኒያቸውን አነሱ እንጂ አልመለሱልኝም።

ያን ዕለት ማታ በደንብ ተለካሁ። የምነዳበትን ጫማ አደረግኩ፣ ግድግዳ ተደገፍኩ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር እግሬ መሐል አስገብቼ ኮርቻ ላይ እንደተቀመጥኩ ያህል ወደ ላይ አጠበቅኩት። ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩና እስከ ወለሉ ለካሁ። 81! ሰፊው አልዋሸም። የሱሪ ልክ ሱሪው እስከሚያልቅበት ነው፣ ላይም ጨርቁ ላላ ብሎ ነው የሚሰፋው። የተቀረውን ሰባት ሴንቲ ሜትር ጉልበቴ ሲከፍል ከርሟል።

የሳይክሏ ቱቦ 20 ሴንቲ ሜትር ናት። ከምልክቱ በላይ ብስባት ትታጠፋለች ወይ ቴላዮውን ትሰነጥቃለች። ረጅም ቱቦ መፈለግ ነበረብኝ። የቴላዮው ቀዳዳ 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ልክ አንድ ኢንች ነው። ሄጄ «የአንድ ኢንች ቧንቧ» አልኩ። የሰጡኝ ጭራሽ አልገባም አለ። የውሃ ቧንቧ ስሙ አንድ ኢንች ይሁን እንጂ ውጩ 33 ሚሊ ሜትር ነው። በመጨረሻ አንድ በያጅ ለወንበር እግር የሚሆን ወፈር ያለ ባለ 25 ቱቦላሬ አወጣልኝ። ገባ፣ ግን ይወዛወዛል። ሰውዬው ከመሬት የለስላሳ ቆርቆሮ አነሳ፣ በመቀስ ቆረጠ፣ ሁለት ዙር ጠቀለለበትና አስገባው። ልክክ አለ። የእጁን ነገር ሳደንቅ ዋልኩ።

ኮርቻው በአራት ብሎን የሚታሰርበት ሳህን ግን አንድ ብቻ ነው። ከአሮጌው ቱቦ ቆርጦ አዲሱ ላይ በየደው። እኔም ቸኩዬ «ቁረጠው» አልኩ። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ተረከዜን ታችኛው ፔዳል ላይ ሳደርግ ጉልበቴ ቀጥ ይላል። በእግሬ ፊት ስረግጥ ደግሞ ትንሽ ይታጠፋል። መጀመሪያ ቀን ከፍታው ሆዴን አርዶት ነበር። ሁለተኛው ቀን ዘጠኝ ዘንባባ ሄድኩ። ዘጠኝ! ተቀምጬ፣ በደንብ ተቀምጬ።

ትናንት ከትምህርት ቤት መልስ የጎረቤታችን ልጅ በሩን ቆረቆረ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ ሥራ ስውል ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ የሚለማመድባት እሱ ነበር፣ እንዲያውም ከእኔ ይሻላል። ቱቦውን ዝቅ ላደርግለት ፈታሁ። ትንሽ ወርዶ ቆመ። ከሥር ጎማው አለ፤ ረጅሙ ቱቦ ከዚያ አያልፍም። ወጥቶ ተቀመጠና እግሩ ፔዳሉን ፈለገ፣ አላገኘውም። ምንም አላለም። ወረደና ሳይክሏን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ግድግዳው ላይ አቁሜ ለካሁት። 70። ከእኔ ምልክት በታች የእሱን አሰመርኩ። በያጁ «ለአሮጌው ቱቦ አዲስ ሳህን እቆርጣለሁ፣ አራቱን ቀዳዳ ሥለህ አምጣ» ብሎኛል፤ ቅዳሜ እወስድለታለሁ። ልጁ ግን ዛሬ ጠዋት ተመልሶ መጣ። «እንደገና ለካኝ» አለ። የታላቅ ወንድሙን ወፍራም ጫማ አድርጓል።