የአየሩ ሙቀትና የጨርቁ ሙቀት፦ የማጣሪያ ጨርቅን በሙቀት ማጽናት እንዴት እንደተማርኩ

ለአቧራ ማጣሪያ የሚውል የፖሊስተር ጨርቅ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የሙቀት ማጽኛ ክፍሉን እንድመራ በተመደብኩ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ደንበኛ የሸጥንለትን የማጣሪያ ከረጢቶች መለሰልን። ከተመለሱት አንዱ ከነሽቦ ቀፎው ነበር የመጣው፤ ደንበኛው ከቀፎው ላይ ሊያወልቀው ስላልቻለ እንዳለ ጠቅልሎ ላከው። ሲሰፋ ርዝመቱ 3 ሜትር የነበረው ከረጢት 8 ሴንቲሜትር ያህል አጥሯል፤ ዙሪያውም ከመጥበቡ የተነሳ የቀፎው ሽቦዎች እንደ ከሲታ ሰው የጎን አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። እኛም ስበን ስላቃተን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀን አላቀቅነው።

የማጣሪያ ከረጢት በቀፎው ላይ ትንሽ ላላ ብሎ መቀመጥ አለበት። በላዩ የተጋገረው አቧራ የሚራገፈው፣ ከላይ በቅጽበት የሚለቀቅ የታመቀ አየር ጨርቁን ከሽቦው ላይ ብድግ አድርጎ ሲያራግበው ነው። ጨርቁ ከቀፎው ጋር ከተጣበቀ ግን የሚራገብበት ቦታ ስለማይኖረው አቧራው ይከማቻል፣ የሚጣራው ጋዝ መተላለፊያ ይታፈናል፣ የታችኛው ስፌትም በመወጠር ብዛት ይተረተራል። የደንበኛው ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ 125፣ አልፎ አልፎ ደግሞ እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ደረቅ ጋዝ ነበር። ይህን ያህል ሙቀት ፖሊስተር ይችለዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የቃጫው ሳይሆን ጨርቁን በሚገባ ያላጸናነው የእኛ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ሥራው ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። የፖሊስተር ቃጫ ሲመረት ከቀለጠ ፈሳሽ ይሳባል፤ ከዚያም ጥንካሬ እንዲያገኝ የበለጠ እየተወጠረ ይለጠጣል። በዚህ ጊዜ በውስጡ ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ በዚያው ቅጽበት ስለሚቀዘቅዙም ያለ ፍላጎታቸው ቀጥ ብለው ይቀራሉ። ጨርቁ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ካለው የመለስለሻ ሙቀት በላይ ሲሞቅ እነዚህ ሞለኪውሎች መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ ወደ ተጠቀለለ ቅርጻቸውም ለመመለስ ይሞክራሉ። ጨርቅ ገባ ወይም ተኮማተረ የምንለው ይህንኑ ነው። በሙቀት ማጽናት ማለት ደግሞ ጨርቁን ገና በፋብሪካው እያለ፣ በሥራ ላይ ከሚጠብቀው ሙቀት በላይ አሙቆ ያንን የታመቀ ውጥረት በቁጥጥር ማስለቀቅ፣ በምትኩም ሞለኪውሎቹ በአዲስ ክሪስታል እንዲታሰሩ ማድረግ ነው። ይህ አዲስ እስር ጨርቁ ራሱ ወደ ጸናበት ሙቀት እስኪጠጋ ድረስ አይፈታም። የፖሊስተር መቅለጫ 255 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በ200 ዲግሪ አካባቢ በደንብ የጸና ጨርቅ በ140 ዲግሪ ሊኮማተር አይገባውም። የእኛ ማሽን ሰሌዳ ደግሞ 200 ዲግሪ ነበር የሚያሳየው።

የመጀመሪያው እርምጃዬ የቀረውን ጥቅል መፈተሽ ነበር። ከጥቅሉ ግራ፣ መሐልና ቀኝ ናሙና ቆርጬ በእያንዳንዱ ላይ 250 ሚሊ ሜትር ርቀት ያላቸውን ምልክቶች አደረግኩ፤ ከዚያም በቤተ ሙከራው ምድጃ ውስጥ ምንም ሳይወጥራቸው ሰቅዬ በ150 ዲግሪ 30 ደቂቃ አቆየኋቸው። ሲቀዘቅዙ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት 242 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ይህ 3.2 በመቶ መኮማተር ነው፤ ከተመለሰው ከረጢት ጋርም ይስማማል። እኔ ግን የተፈለገው ከ1 በመቶ በታች መሆኑን እያወቅኩ፣ ያለ ብዙ ማሰብ የማሽኑን ሙቀት ወደ 215 ከፍ አደረግኩት። ፍጥነቱን አልነካሁም፤ ምርት እንዳይቀንስ ብዬ ነው። ጨርቁ ሲወጣ ፊቱ ደርቆ እንደ ካርቶን ይንኮሻኮሻል፣ የላይኛው ቃጫ አንዳንድ ቦታ እርስ በርስ ተጣብቋል፤ መኮማተሩ ግን ገና 2.1 በመቶ ላይ ነበር። በአንድ ጊዜ ፊቱ በዝቶበታል፣ መሐሉ አንሶታል ማለት ነው፤ ይህን ግን ያኔ አልተረዳሁትም።

ያስረዱኝ ከማሽኑ ጋር ያረጁ አንድ ባለሙያ ናቸው። ወረቀቴን አይተው «ልጄ፣ ለመሆኑ ጨርቁ ውስጥ የሚቆየው ስንት ሴኮንድ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ጠመኔ አነሱና በመግቢያው በኩል ጨርቁ ላይ መስመር አሰመሩ፤ እኔ በመውጫው ቆሜ መስመሩ እስኪወጣ ሰዓት ያዝኩ። ማሽናችን ስቴንተር የሚባለው ነው፤ ጨርቁን በሁለቱ ጠርዝ በፒን ሰንሰለት ይዞ ሙቅ አየር በሚነፍስባቸው ክፍሎች ውስጥ ያሳልፋል። አምስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 3 ሜትር ስለሆነ የሚሞቀው ርዝመት በጠቅላላው 15 ሜትር ነው። በደቂቃ 24 ሜትር ስንነዳ ጨርቁ በሙቀት ውስጥ የሚቆየው 37 ሴኮንድ ተኩል ብቻ ነበር። ለስስ የልብስ ጨርቅ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። የእኛ ጨርቅ ግን በካሬ ሜትር 500 ግራም የሚመዝን፣ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ፣ በመርፌ የተጠቀጠቀ ወፍራም ጨርቅ ነው። እንዲህ ያለ ጨርቅ በቃጫዎቹ መካከል አየር ስለሚይዝ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀትን ይከላከላል።

ቁልፉ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ዓይነት ጨርቅ በሁለት የቃጫ ንጣፎች መካከል ከጠንካራ ክር የተሸመነ ሳሳ ያለ መረብ አለው፤ ርዝመቱንና ስፋቱን ጠብቆ የሚይዘው ይህ መረብ ነው። መረቡ መሐል ላይ ስለሆነ ሙቀት የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ የጨርቁን ልክ የሚወስነው ክፍል፣ ከሁሉም ያነሰ ሙቀት የሚያገኘው ክፍል ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው። የማሽኑ ሰሌዳ የሚያነበው የአየሩን ሙቀት ነው፤ በጨረር የሚለካው መሣሪያ ደግሞ የሚያየው የጨርቁን ፊት ብቻ ነው። ስለ መረቡ የሚነግረኝ አንድም መሣሪያ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቴርሞኮፕል የሚባለውን፣ ጫፉ ያለበትን ቦታ ሙቀት የሚለካ ቀጭን ሽቦ ፈልጌ ጫፉን በመርፌ እየመራሁ በሁለቱ ንጣፎች መካከል ከመረቡ አጠገብ አስገባሁት፤ ሌላ ሽቦ ፊቱ ላይ ሰፋሁ። 20 ሜትር የሚሆነው የሽቦው ቀሪ ከጨርቁ ጋር እየተጎተተ ሲገባ እኔ መግቢያው ላይ ቆሜ በየ 5 ሴኮንዱ እመዘግብ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ሽቦው ሰንሰለቱ ውስጥ ተጠምዶ ስለተበጠሰ ከንቱ ቀረ። በሁለተኛው ግን፣ አየሩ 200 ዲግሪ ሆኖ፣ ፊቱ በ20ኛው ሴኮንድ 190 ሲደርስ መሐሉ ገና 140 ላይ ነበር። ከማሽኑ ሲወጣ መሐሉ 172 ደርሶ ነበር፤ ከ165 በላይ የቆየውም 5 ሴኮንድ ቢሆን ነው። በሌላ ቤተ ሙከራ ዲፈረንሻል ስካኒንግ ካሎሪሜትር በተባለው፣ ናሙናን ቀስ በቀስ እያሞቀ የሚወስደውን ሙቀት በመስመር በሚያሳይ መሣሪያ ከመረቡ የተመዘዘ ክር ባስመረምር፣ ከዋናው የመቅለጫ ጉልላት በፊት አንዲት ትንሽ ጉብታ ታየች፤ ይህች ጉብታ ክሩ በትክክል የጸናበትን ሙቀት የምትጠቁም ናት፤ እሷም በ170ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። የሽቦው ንባብና የመሣሪያው ምርመራ ሲገጥሙ ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አልኩ።

አየሩን 205 ላይ አደረግኩት፤ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 12 ሜትር ዝቅ አደረግኩ። የመቆያው ጊዜ 75 ሴኮንድ ሲሆን መሐሉ 195 ደርሶ ለ20 ሴኮንድ ያህል እዚያው ቆየ። ይህ ብቻ ግን አልበቃም። ጨርቁ ተወጥሮ ከተያዘ ሙቀቱ ቢደርሰውም ውጥረቱን የሚለቅበት ቦታ አያገኝም፤ የሚጸናው ከነውጥረቱ ነው። ስለዚህ በመግቢያው ጨርቁን ከሰንሰለቱ ፍጥነት 3 በመቶ አብልጬ እየመገብኩ በፒኖቹ መካከል ላላ ብሎ እንዲቀመጥ አደረግኩ፤ ሁለቱን ሰንሰለቶችም እያቀራረብኩ በስፋት 2 በመቶ ያህል እንዲገባ ፈቀድኩለት። ልክ ላይ ለመድረስ ብዙ ደፋ ቀና ጠይቋል፤ ላላ ማድረጉ ሲበዛ ጨርቁ መሐሉ ላይ ረግቦ የታችኛውን የአየር ማውጫ ይነካል፣ ሲያንስ ደግሞ ከፒኖቹ ላይ እየተቀደደ ይወጣል። በመጨረሻ የርዝመት መኮማተሩ 0.8፣ የስፋቱ 0.4 በመቶ ሆነ።

ያልጠበቅኩት መዘዝ ክብደቱ ነበር። ጨርቁ በማሽኑ ውስጥ በርዝመትም በስፋትም ስለገባ በካሬ ሜትር 500 ግራም የነበረው 525 ሆነ፤ ጥቅጥቅ በማለቱም አየር የማሳለፍ አቅሙ ቀነሰ። ደንበኛው የሚያዘው ደግሞ በተጠናቀቀው ጨርቅ ክብደትና አየር ማሳለፍ ነው። ስለዚህ የመርፌ ክፍሉ መነሻ ክብደቱን ወደ 475 ዝቅ እንዲያደርግ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። የማጽናቱ ሥራ የመጨረሻው ክፍል ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቃጫው ከሚመዘንበት ጀምሮ ነው መታሰብ ያለበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጉድ መጣ። እኛ ያለፈ ብለን የላክነው ጥቅል ደንበኛው ሲፈትሸው 1.9 በመቶ ገባ። የእኛ ናሙና 0.8 ያለ ስለነበር በመጀመሪያ የተጠራጠርኩት የእነሱን ምድጃ ነው፤ በኋላ ሳስበው አፈርኩ። እኛ ናሙና የምንቆርጠው ሁልጊዜ ከጥቅሉ የውጭ ጫፍ ነበር፤ እነሱ ግን ጥቅሉን ጨርሰው ከውስጠኛው ጫፍ ወስደዋል። ሄጄ በመጠቅለያው ላይ የጨርቁን ሙቀት ስለካ 95 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። ከመለስለሻው ሙቀት በላይ እያለ ከፒኑ ይለቀቃል፣ ትኩሱን በመጠቅለያው ይወጠራል፣ ውስጠኛው ዙር ደግሞ በላዩ በተጫነው ጨርቅ ታፍኖ እስከ ማግሥቱ ሳይቀዘቅዝ ያድራል። እኛ በ75 ሴኮንድ ያስለቀቅነውን ውጥረት መጠቅለያው መልሶ እያስገባው ነበር። እጄን በጥቅሉ ጎን ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር የሚሰማኝን ሙቀት ለወራት እንደ ጥሩ ምልክት ስቆጥረው መኖሬ እስካሁን ይገርመኛል። በመውጫው ላይ፣ ሰንሰለቱ ጨርቁን ሳይለቀው፣ ከላይና ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት ክፍል አስጨመርን፤ ጨርቁ ከ50 ዲግሪ በታች ሳይሆን እንዳይለቀቅ፣ የመጠቅለያው ውጥረትም እንዲቀንስ ተደረገ። ናሙናም ከሁለቱም ጫፍ መውሰድ ጀመርን።

ሌሎቹን ነገሮች በአጭሩ ላንሳቸው። ግራው ጠርዝ ዘወትር ከቀኙ የበለጠ ይኮማተር የነበረው በዚያ በኩል ያለው የአየር ማጣሪያ ወንፊት በቃጫ ብናኝ ተደፍኖ ስለነበር ነው፤ አሁን በየፈረቃው ይጸዳል። ቃጫው በሚፈተልበት ጊዜ የሚቀባው ዘይት በሙቀቱ ይተንና በክፍሉ ጣሪያና በጭስ ማውጫው ውስጥ ይጋገራል፤ መልሶ ሲንጠባጠብ ቡናማ ነጥብ ይጥላል፣ ሲከማች ደግሞ እሳት ሊነሳበት ይችላል። ፍጥነት ቀንሰን ረዘም ላለ ጊዜ ማሞቅ ስንጀምር ይህ ዘይት ስለበዛ የማጽጃውን ጊዜ ማቀራረብ ነበረብን። ከፖሊስተር ወደ ሌላ ቃጫ መሄድ የሚፈልግም ይህን ልምድ በጭፍን አይውሰድ፦ ፖሊፕሮፒሊን በ165 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ለስህተት የሚተወው ቦታ በጣም ጠባብ ነው፤ ናይለን 6 ደግሞ በ220 አካባቢ ይቀልጣል፣ በሙቅ አየር ውስጥ ሲቆይም ቢጫ ይሆናል።

የቀረው ክርክር የፍጥነቱ ነበር። በግማሽ የቀነሰ ፍጥነት ማለት በግማሽ የቀነሰ ምርት ስለሆነ የሽያጭ ክፍሉ ሰዎች በየሳምንቱ ይጠሩኝ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። ሙቀቱን እንደገና ከፍ አድርጌ ፊቱን ከማድረቅ ይልቅ አየሩ በጨርቁ ውስጥ የሚያልፍበትን ኃይል መጨመር መረጥኩ። የአየር ማውጫ ቀዳዳዎቹን በሙሉ አስጠርገን፣ ከጨርቁ ያላቸውን ርቀት አቀራርበን፣ የነፋሻዎቹን ዙር ስንጨምር መሐሉ ፈጥኖ መሞቅ ጀመረ። ቴርሞኮፕሉን እንደገና ሰፍቼ ፍጥነቱን በደቂቃ አንድ ሜትር አንድ ሜትር እየጨመርኩ ለካሁ፤ በ16 ሜትር፣ ማለትም በ56 ሴኮንድ፣ መሐሉ አሁንም 195 ይደርሳል፣ እዚያም ለ20 ሴኮንድ ያህል ይቆያል። በ17 ሜትር ግን እዚያ የሚቆይበት ጊዜ ከ20 ሴኮንድ አነሰ፤ ስለዚህ በሥራ መመሪያው ላይ 16 ብዬ ጻፍኩ። ከአጠገቡም ጨርቁ ከ500 ግራም በላይ ከሆነ መለኪያው በሽቦ እንዲደገም አስገባሁ።