ያልዋጥኳቸው ክኒኖች

ዛሬ መሳቢያዬን ሳጸዳ ጊዜው ያለፈበት የስኳር በሽታ መድኃኒቴን፣ የሜትፎርሚንን፣ እሽግ አገኘሁ። ከአሥሩ ክኒኖች ሰባቱ እንዳሉ ናቸው። የዚያን ጊዜ እፍረቴ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ።

መጀመሪያ የታዘዘልኝ 500 ሚሊግራም ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር። «ከምግብ ጋር» የሚለውን ከቁም ነገር ሳልቆጥር በባዶ ሆዴ ውጬ ከቤት ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልጽፍም፤ በየሄድኩበት አስቀድሜ የማጣራው መጸዳጃ ቤት መኖሩን ነበር ብል ይበቃል። አፌም ሳንቲም እንደ ጎረሰ ሰው ብረት ብረት ይለኝ ጀመር። ስለዚህ ከቤት በምወጣበት ቀን ክኒኑን መዝለል አመጣሁ። ከቤት የማልወጣበት ቀን ደግሞ ጥቂት ነው።

ልጄ ሊሆን የሚችለው ወጣት ሐኪም ሲጠይቀኝ ግን «እየወሰድኩ ነው» አልኩት። ለምን ዋሸሁ? ቁጡ ሰው አልነበረም። የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ መስዬ መታየት አልፈለግሁም መሰለኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ! የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ግን ከፍ ብሎ 8.9 በመቶ ሆኖ መጣ። ይህ ምርመራ በቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ስለሚለካ፣ በቀጠሮ ዋዜማ መጠንቀቅ አያታልለውም። ሐኪሙም ቃሌን አምኖ «ሜትፎርሚን ብቻውን አልበቃም» አለና ግሊቤንክላሚድ የሚባል ሌላ የስኳር ክኒን ጨመረልኝ።

ዕዳው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሜትፎርሚን በዋናነት ከጉበት የሚለቀቀውን ስኳር ስለሚቀንስ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም። ግሊቤንክላሚድ ግን ቆሽትን ቀስቅሶ ኢንሱሊን ያስመነጫል፤ ሰውየው ይብላ አይብላ ግድ የለውም። እኔም በውጤቱ ደንግጬ ሁለቱንም በታዘዘው መሠረት መዋጥ ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን ምሳ አለፈኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሸሚዜ በላብ ራሰ፣ የገዛ ስልኬ መክፈቻ ቁጥር ጠፋኝ። ባለቤቴ ጣቴን ወግታ ስትለካኝ ስኳሬ ከልክ በታች ወርዶ 52 ነበር። ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችኝ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማ ለካችኝና ምግብ አቀረበችልኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም። ማታ ግን ክኒኖቼን ስትቆጥር ሰማኋት።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። «ሆድዎን እንደሚያውክዎ ቢነግሩኝ ኖሮ ሌላ ዓይነት ነበረ» አለኝ። ግሊቤንክላሚዱን አቁሞ፣ ቀስ እያለ የሚሟሟውን ሜትፎርሚን ከእራት ጋር እንድወስድ አዘዘልኝ፤ መጠኑንም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨመረው። ሆዴ ታገሠው። (የዚህኛው ቅርፊት አንዳንዴ ሳይሟሟ ከሰገራ ጋር ይወጣል። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ መጀመሪያ ሳየው መድኃኒቱ ሳይሠራ የወጣ መስሎኝ ክፉኛ ተናድጄ ነበር።) ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ሊያመጣ ስለሚችል እሱንም አልፎ አልፎ ያስመረምረኛል።

ሐኪሙ ከዚያ ወዲህ «እየወሰዱ ነው?» ብሎኝ አያውቅም። «በዚህ ወር ስንቱን ዘለሉ?» ነው የሚለኝ። ባለፈው ቀጠሮ «አራት» አልኩት። ቀና ሳይል ጻፈው።