አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን እዩ፦ የድሮ ሂሉክስ የውጭ መብራቶች

የድሮ ሂሉክስ መብራቱ እምቢ ሲል አብዛኛው ሰው ቀጥታ አምፖል ሊገዛ ይሄዳል። አንዳንዴ ልክ ነው። አምፖሉ በተቀየረ በወሩ እንደገና ከሄደ ግን ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ ወይ ማሳው (ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበት) ተበላሽቷል፣ ወይ ሶኬቱ ዝጓል፣ ወይ ዲናሞው ከልክ በላይ ይሞላል።

የተቃጠለውን አምፖል ሳትጥሉ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ብርጭቆው ከውስጥ ከጠቆረ ዕድሜውን ጨርሷል። ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ከሸፈነው አየር ገብቶበታል፣ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል። ብርጭቆው ጥርት ብሎ ክሩ ብቻ ከተበጠሰ ንዝረት ነው፤ የኋላ መብራቱ መያዣ ላልቷል፣ ስፖንዳው በኃይል በተዘጋ ቁጥርም ይመታል። በአንድ ሰሞን ሁለት ሦስት አምፖል ከሄደ ሞተሩን አስነሥታችሁ ባትሪው ላይ ቮልት ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ጤነኛ ነው። ከ15 ካለፈ አምፖሉን የሚበላው የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልት መቆጣጠሪያው) ነው፤ ባትሪውንም ያፈላዋል።

ለፊት መብራት ኤች 4 የሚባለው 12 ቮልት 60/55 ዋት አምፖል ነው የሚገባው። መብራቱን አጥፉ፣ ኮፋኖውን ክፈቱ፣ ባለ ሦስት እግሩን ሶኬት ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ሽቦውን ይዞ መጎተት ውስጥ ያለውን ተርሚናል ይነቅለዋል። ከዚያ የአምፖሉን መሸፈኛ ጎማ አውልቁ፣ የሽቦ ማቀፊያውን ተጭናችሁ ወደ ጎን ልቀቁት። አዲሱን በብረቱ ያዙ። ብርጭቆው ላይ የቀረ የጣት ቅባት ሲግል ቦታውን ያቃጥለውና አምፖሉ ቶሎ ይሄዳል፤ ከነካችሁት በአልኮል ጥረጉት። ሰፊው ጥርስ ወደ ላይ ይሆናል። ጎማውን ዙሪያውን በደንብ አስገቡት፤ ክፍት ከቀረ አቧራና ውሃ ገብቶ የመስታወቱን ብርማ ልባስ ያደበዝዘዋል። ያንን ልባስ በጨርቅ አጸዳለሁ ማለት ጨርሶ መላጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ኤሌትሪሺያን የሚሳሳትበት ነገር አለ። በብዙዎቹ የድሮ ሂሉክሶች የፊት መብራት ማብሪያው የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ማሳውን ነው። መብራት ሲበራ ፖዘቲቩ ለአጭርም ለረጅምም በአንድ እግር ይመጣል፤ ማሳው በማብሪያው በኩል ይመለሳል። ቴስተሩን ቦዲው ላይ አስራችሁ አምፖሉ ገብቶ ሳለ ብትለኩ ያልበራውም እግር ፖዘቲቭ ያሳያችኋል፣ ምክንያቱም በክሩ በኩል አልፎ ይመጣል። ስለዚህ ሶኬቱን ነቅላችሁ በፖዘቲቩ እግርና በምትፈትሹት እግር መካከል ለኩ።

ደብዛዛ መብራት ከሆነ ደግሞ መልሱ 100 ዋት አምፖል አይደለም። ሁለት ባለ 60 ዋት 10 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ሁለት ባለ 100 ወደ 17 ይጠጋሉ። ያረጀው ሶኬትና የመሪው ማብሪያ ይህን አይችሉም፣ ይቀልጣሉ። መብራቱ በርቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አምፖሉ ጋ ያለውን ቮልት ባትሪው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ መንገድ ላይ የሚጠፋ ኃይል አለ። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ያው 60/55 አምፖል በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) እና በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከባትሪው ቀጥታ ሲመገብ እንደ አዲስ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የኋላው ጣጣ ከማሳ ይጀምራል። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ከበራ፣ ወይም ፍሬቻ ሲሠራ የኋላው ቀይ አብሮ ብልጭ ካለ፣ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በሌላው አምፖል ክር በኩል እየዞረ ነው። የማሳውን ብሎን ፍቱ፣ ቀለምና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ አጥብቁና ቫዝሊን ቀቡት።

አምፖል ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የፍሬቻና የኋላ ማርሽ አምፖል ባለ አንድ ክር 21 ዋት ነው፣ ከብረቱ ጎን የወጡት ሁለቱ ጉጦች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። የፍሬንና የኋላ መብራቱ በጋራ ባለ ሁለት ክር 21/5 ዋት ሲሆን አንዱ ጉጥ ከሌላው ዝቅ ይላል። ገልብጦ በግድ ማስገባት የ21 ዋቱን ክር ሌሊቱን ሙሉ ያበራዋል፤ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ፍሬን መያዛችሁን አይለይም፣ ፕላስቲኩም ይጨማደዳል። ባለ አንድ ክሩ በባለ ሁለቱ ቦታ ከገባ ደግሞ ከአምፖሉ ሥር ያለው የእርሳስ ነጥብ የሶኬቱን ሁለቱንም መንኪያዎች ያገናኛቸዋል፤ ፍሬን ሲረገጥ የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል።

ፍሬቻው በአንድ ወገን ብቻ ከፈጠነ በዚያ ወገን አንድ አምፖል ሄዷል። ሁሉንም ኤልኢዲ አድርጋችሁ ከፈጠነ ግን ፍላሸሩ (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው) ጭነት አጥቶ ነው፤ ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ቀይሩ።

በመጨረሻ ግድግዳ ፊት 5 ሜትር ርቃችሁ በደልዳላ ቦታ አቁሙና አጭሩን አብሩ። የብርሃኑ ጠርዝ ከአምፖሉ መሐል ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት፣ በቀኝ በኩልም ከፍ ማለት አለበት። በግራ ከፍ ካለ ፋናሌው (የፊት መብራቱ ሙሉ አካል) በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ ነው፤ በእኛ መንገድ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል፣ ማስተካከያ ብሎኑም አያድነውም፣ ፋናሌው ራሱ ይቀየር። መኪናው ዕቃ ጭኖ የሚውል ከሆነ ይህን ልኬት ጭነቱ ላይ እንዳለ አድርጉት፤ የኋላው ባሌስትራ ሲወርድ አፍንጫው ቀና ይላልና።