ሶፋ ሠሪው የሰፋው ቀሚስ

የምሠራው ከመድረክ ጀርባ ነው። ተጫዋቾችን አለብሳለሁ፣ የተቀደደ እጠግናለሁ፣ ዊግ አበጥራለሁ፣ የሚቀጥለውን ልብስ ይዤ ጨለማ ውስጥ እጠብቃለሁ። ከማለብሳቸው ሰዎች ሁሉ ብዙ የተማርኩት ከአንድ የድራግ አርቲስት፣ ማለትም መድረክ ላይ ሴት ሆኖ ከሚጫወት ወንድ ነው። ሜካፑ ሲያልቅ እሷ ናት፤ ሁላችንም «እመቤት» እንላታለን። ሜካፑ ሲለቅ ደግሞ እሱ ነው፤ ዝም ያለ፣ ሻይ የሚወድ፣ ቶሎ እንቅልፉ የሚመጣ ሰው። እኔም የምጽፈው እንደዚያው ነው፤ መድረክ ላይ እሷ፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ እሱ።

ብዙ ሰው ድራግ ሲባል «ወንድ ቀሚስ ለበሰ፣ አለቀ» ይመስለዋል። አላለቀም። ገና አልተጀመረም።

መጀመሪያ ቅንድብ ይጠፋል። ልጆች ለወረቀት የሚጠቀሙበት ዓይነት ደረቅ ኮላ ይቀባና ፀጉሩ ወደ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል። እንደገና ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በላዩ ላይ ፓውደር ይመታል። ከዚያ ከድሮው ቦታ ከፍ ብሎ አዲስ ቅንድብ ይሳላል። የእመቤት ዓይኖች ያን ያህል ትልቅ የሚመስሉት ቦታ ስለተለቀቀላቸው ነው። አፍንጫው ይቀጥናል፣ መንገጭላው ይለሰልሳል፤ ሁሉም በጥላና በብርሃን። ዳሌው ስፖንጅ ነው፤ ጠርዙ በልብስ ላይ እንዳይታወቅ እየሳሳ ይቆረጣል፣ ስቶኪንግ በስቶኪንግ ላይ ይደረብበታል። ጫማ የሚደረገው ከኮርሴት በፊት ነው፤ ኮርሴት ከጠበቀ በኋላ ጎንበስ ማለት የለምና። ይህን የማያውቅ ጀማሪ አልባሽ ወለል ላይ ተንበርክኮ የሰው እግር ሲታገል ያመሻል። ሁሉም ተደምሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ያውም እጁ ለለመደ ሰው።

በነዚያ ሰዓታት ነው ብዙ የምንጫወተው። መስታወቱ ጥግ ላይ የሜይ ላንፋንግ ፎቶ ተለጥፏል። ሜይ እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1961 የኖረ፣ በቤጂንግ ኦፔራ ሴት ገጸ ባሕርያትን በመጫወት ስሙ የገነነ ሰው ነው። ጃፓን ቻይናን በወረረች ጊዜ ለወራሪ አልጫወትም ብሎ ጢሙን አሳደገ። ሴት ሆኖ የሚጫወት ሰው ጢም ካሳደገ ሌላ መግለጫ ማውጣት አያስፈልገውም። አርቲስታችን ይህን ታሪክ ጢሙን በተላጨ ቁጥር ይናገራል፤ እኔም በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከፎቶው በታች በእጅ ጽሑፍ የሌላ ሰው ስም አለ፤ ዊልያም ዶርሲ ስዋን። ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ዋሽንግተን ውስጥ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው የሚጨፍሩበት ድግስ ያዘጋጅ ነበር። ራሱን የድራግ ንግሥት ብሎ እንደጠራ የሚታወቀው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1888 ፖሊስ ድግሱ ላይ ሲገባ አልሸሸም፤ ፖሊሶቹን ገጠማቸው፤ የለበሰው የሳቲን ቀሚስ በግብግቡ ተቀዳደደ። በ1896 ደግሞ ተፈርዶበት ሲታሰር ለፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ የይቅርታ ማመልከቻ ላከ። ተከለከለ። ይህን የማነሳው በከንቱ አይደለም፤ የእኛም ምሽት የቀሚስ ጉዳይ ነው።

የአርቲስቱ ባለቤት ሶፋ ሠሪ ነው። ቀን ቀን ቆዳና ወፍራም ጨርቅ ይወጥራል፣ ይሰፋል። አርቲስቱ ደግሞ ሥራው ማታ ነው። አንዱ ከሥራ ሲመለስ ሌላው ይወጣል። እንዲህ ያለ ትዳር ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ፍቅር ሳይጎድል ሰዓት ይጎድላል። ስለዚህ ባልየው መላ አበጀ። ከሥራ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል፣ የዊግ ሳጥኖቹን ይሸከማል፣ ኮርሴቱን ከኋላ ይጎትታል፣ ሜካፕ ሲቀባ አጠገቡ ተቀምጦ ቀኑን ያወራለታል። ማንም አልጠየቀውም፤ ማንም አይከፍለውም። አብረው የሚያሳልፉት ሰዓት ያ ስለሆነ ብቻ ነው። መድረክ ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ዓይን አፋር ነው፤ ተመልካች በመጋረጃ ቀዳዳ ሲያይ እንኳ ይሸሻል።

የዚያን ዕለት ተኮራርፈው መጡ። ሳጥኖቹ እንደወትሮው መጥተዋል፤ ኮርሴቱም ተጎትቷል፤ ወሬ ግን የለም። ነገሩን ቀስ ብዬ ሰማሁ። ሁለቱ አብረው ሊያርፉ በተቀጣጠሩበት ቀን አርቲስቱ ሳይነግረው ሌላ ሾው ተቀብሎበታል።

የሾው መጨረሻ እንዲህ ነበር የታሰበው። እመቤት በጥቁር የሐዘን ልብስ ትወጣለች፣ በቀስታ ዘፈን ታለቅሳለች፣ ሙዚቃው ሲፈነዳ ጥቁሩን በአንድ እጅ ገንጥላ ትጥለዋለች፤ ከሥሩ የወርቅ ቀለም ያለው ቀሚስ ያበራል። ጥቁሩ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። ከፊት ለፊት እጅ ይገባበታል፣ ጀርባው ላይ በቬልክሮ ብቻ ይያያዛል። የወርቁ ግን ዚፕ አለው። ለመቀየሪያው ያለን ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

እኔ በዚያ ሰዓት የመጨረሻውን ዊግ ይዤ በመድረኩ ሌላኛው ጎን ቆሜያለሁ። በዚያኛው በኩል አንድ ወጣት ረዳትና ባልየው አሉ። የወርቁን አለበሱት፣ ዚፑ እስከ ወገብ ድረስ ሄደ፣ ከዚያ ተፈነቀለ። ኮርሴትና ስፖንጅ ባለበት ሰውነት ላይ ዚፕ ወደ ጎን ይወጠራል፤ የላስቲክ ጥርስ ያለው ዚፕ ደግሞ አንዴ ከተላቀቀ በቀላሉ መልሶ አይያዝም። መርፌ ቁልፍ ቢፈለግ በእጅ የለም። ባልየው አንድ ቃል ሳይናገር ከኪሱ መርፌና ክር አወጣ። ሶፋ ሠሪ ነው፤ መርፌ ከኪሱ አይጠፋም። ረዳቱ ጊዜ ለማትረፍ ጥቁሩን ከፊት እያጠለቀ፣ እሱ ከኋላ እየሰፋ፣ ብርሃኑ እንደምታውቁት ከመድረክ ጀርባ የምንጠቀምባት ያቺ ደብዛዛ ሰማያዊ መብራት ብቻ። ክሩ ጥቁር ነው። ጨረሰ፣ በጥርሱ በጠሰው፣ ጀርባዋን መታ አደረጋት። ወጣች።

ዘፈኑ በሰላም ሄደ። እንባውም ደህና ነበር። ሙዚቃው ፈነዳ፣ እመቤት ትከሻዋ ላይ ያለውን ጨርቅ ይዛ ሳበች።

ምንም የለም።

ደግማ ሳበች። ቬልክሮው ሲላቀቅ ከእኔ ዘንድ ተሰማኝ፤ ልብሱ ግን ጀርባዋ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። መርፌው ሁለቱንም ቀሚሶች አብሮ ይዟቸዋል። የእኛ ስፌት ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ጉተታ ላይ ይበጠስ ነበር። ይሄ ግን የሶፋ ክር ነው፣ በሶፋ ሠሪ እጅ የተቋጠረ። ሰው ሲዘልበት እንዲችል ተደርጎ የሚሰፋ ስፌት ነው።

እመቤት እጇን ወደ ድምፅ ባለሙያው አነሳች። ሙዚቃው ቆመ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚህ ሙያ ውስጥ ካየኋቸው ጸጥታዎች ሁሉ የሚያስፈራው ይሄ ነው፤ ተመልካቹ ይሳቅ ወይስ ይዘን ገና ያልወሰነበት።

ማይክራፎኑን ወሰደች። «ይቅርታ» አለች። «ባሌ ነው የሰፋኝ። ሶፋ ሠሪ ነው። እጁ የነካው ሶፋ የሃያ ዓመት ዋስትና አለው።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳ ደረሰ።

«ደግሞ ዛሬ ተኮራርፈናል። ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ምን እያሰበ እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ የትም እንዳልሄድበት እየሰፋኝ ነው።»

ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረች። «የኔ ጌታ፣ መቀስ ይዘህ ና።»

ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። እሱን የሚያውቅ ማንም አያስብም። ግን ወጣ። የሥራ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የሙጫ ነጠብጣብ አለበት፤ መቀሱን ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን ስለቱን በጭብጡ ይዞ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። ከኋላ ወንበር አንዱ ስለ ሱሪው የሆነ ነገር ጮኸ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

እዚህ ላይ እመቤት ያደረገችው ነገር ነው ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ። ቀልዱን በቀላሉ ልትቀጥልበት ትችል ነበር፤ ሳቁ ተዘጋጅቶ ቀርቦላታል። እሷ ግን ፈገግታዋን ሳታጠፋ ወደ ጮኸው ሰው ዞረች። «ያ ሱሪ ሥራ ላይ የዋለ ሱሪ ነው። የእኔን ኪራይ የከፈለባቸው ወራት አሉ። መሳቅ ካማረህ በእኔ ሳቅ፤ ሁለት ልብስ ለብሼ አንዱን እንኳ ማውለቅ ያቃተኝ እኔ ነኝ።» ሰውየው ራሱ አጨበጨበ። ማይክራፎን ያለው ሰው ማይክራፎን በሌለው ሰው ላይ ሳቅ አያስወርድም። ይህን ሕግ ማንም ጽፎ አልሰጣትም፤ ግን አንድም ቀን ስትስተው አላየሁም። ለእኔ ድራግን ከተራ ማላገጥ የሚለየው ይሄ ነው። እመቤት ስትቀልድ የምትከፍለው ከራሷ ኪስ ነው፤ ስለ ዊጓ፣ ስለ ዕድሜዋ፣ ስለ ስፖንጅ ዳሌዋ። ተመልካቹ ዘና የሚለው ተራው እንደማይደርሰው ስለሚያምናት ነው።

ባልየው ጀርባዋ ላይ ጎንበስ ብሎ መፍታት ጀመረ። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ፤ አይታይም። ማይክራፎኑን ወደ ኋላ ዘረጋችለት።

«አናግረኝ እንጂ።»

«አትንቀሳቀሺ፣ እወጋሻለሁ።»

«ይኸው፣ አናገረኝ!» አለች ለተመልካቹ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ሶፋ እንኳን እንዲህ አይወዛወዝም» አለ እሱ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። ማይክራፎኑ ግን ያዘው። ከምሽቱ ቀልዶች ሁሉ ትልቁን ሳቅ ያገኘው ይሄ ነው። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት፤ ቀና ብሎ ብርሃኑ ውስጥ ፈገግ አለ።

የመጨረሻው ክር ተቆረጠ፣ ጥቁሩ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ሙዚቃው ከፍንዳታው ቦታ ተጀመረ። እመቤት በወርቁ ውስጥ እንደ ንግሥት ቆመች። ባልየው በየት በኩል እንደሚወጣ ጠፍቶት ሲዞር ክንዷን ሰጠችው፤ እስከ መጋረጃው እየዘፈነች ሸኘችው።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ሜካፑን በዘይት እያለቀቀ ሳለ ሰማኋቸው።

«ሳትነግረኝ ሰፋኸኝ» አለ አርቲስቱ።

«ሳትነግረኝ ሾው ተቀበልክ።»

ትንሽ ዝም ተባባሉ። «ልሰርዘው?»

«ቃል ገብተሃል፣ አትሰርዝ። ሌላ ጊዜ ግን መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ።» ከዚያ ጥጥ አንስቶ አርቲስቱ የማይደርስበትን ከጆሮው ኋላ ያለውን ቀለም ይጠርግለት ጀመር። ደግነቱ የስዋን ታሪክም ተነሳ። «የእሱን ቀሚስ ለመቅደድ የፖሊስ ጭፍራ አስፈለገ፤ የእኔን የፖሊስ ጭፍራም አይቀደውም» አለ አርቲስቱ፤ ያኔ ሦስታችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ የአሠራራችን ልማድ ተቀይሯል። የድንገተኛ ስፌት የሚሰፋው በቀይ ክር ብቻ ነው፤ የሚፈታው ሰው በጨለማም እንዲያየው። ስፌቱ ሰፋፊ፣ ቋጠሮው አንድ፣ ጫፉ ረዘም ብሎ የሚንጠለጠል። መርፌ ቁልፎች በአልባሹ ደረት ላይ ተደርድረው ይውላሉ፤ ስፌት መፍቻው በገመድ አንገቴ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ተጫዋቹ ልብሱ ላይ ምን እንደተደረገ ሳይሰማ እግሩን መድረክ ላይ አያሳርፍም። «ዚፑ ሄዷል፣ ወገብህ ላይ ሰፍቼዋለሁ፣ ጥቁሩ ነፃ ነው» ይባላል፤ እሱም «ሰምቻለሁ» ይላል። አምስት ሰከንድ የማይፈጅ ነገር ነው። ጥድፊያው ሲበረታ መጀመሪያ የሚዘለለውም ይሄው ነው፤ ስለዚህ በጥድፊያ ጊዜ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንለዋለን።

የቲያትር ቤቱ ኃላፊ ነገሩን በየሾው እንድንደግመው ፈልጎ ነበር። ባልየው በመቀስ ይውጣ፣ ክፍያም ይኑረው አለ። አርቲስቱ እምቢ አለ። «ያን ቀን በእውነት ተኳርፈን ነበር፤ በእውነትም ታረቅን። በየማታው እየተኳረፍኩ አልታረቅም።» ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰው ከልቡ የሳቀበትን ነገር በትእዛዝ ስትደግመው ሳቁም ፍቅሩም ይሳሳል።

ባልየው የወርቁን ቀሚስ ወደ ሱቁ ወሰደው። የተፈነቀለውን ዚፕ አውጥቶ ለወፍራም ጨርቅ የሚሆን የብረት ዚፕ ገጠመለት፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ ጨመረበት። አርቲስቱ «ከበደኝ» እያለ ያማርራል። ዚፑ እስካሁን አልተነቃነቀም።