«አጥብቡ» ማለት ቀላል ነው

ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ነው። ልጆቹ ከራሳቸው ሕይወት እንዲጽፉ ፈለግኩና ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ስለ ቤተሰቤ» ብዬ ጻፍኩ። 20 ደቂቃ ሰጠኋቸው።

ደብተሮቹን ሳርም ሁሉንም አንድ ልጅ የጻፋቸው መሰለኝ። «እናቴን እወዳታለሁ። እናቴ ጥሩ ናት። አባቴም ጥሩ ነው።» የቀሩት ደግሞ ቀኑን ከመነሳት እስከ መተኛት ይዘረዝሩታል። ተነሳሁ፣ ከዚያ ታጠብኩ፣ ከዚያ በላሁ፣ ከዚያ ተጫወትኩ። አንዱ ገጽ ላይ 14 «ከዚያ» ቆጠርኩ።

በማግስቱ «ርዕሳችሁን አጥብቡ» አልኳቸው። የ7 ዓመት ልጅ ከዚህ ምን ይረዳል? አንዷ ፊደሎቿን አሳንሳ ጽፋ መጣች። ያልኩትን በትክክል ነው ያደረገችው። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ዘዴ ቀየርኩ። ረጅም ወረቀት 6 ቦታ አጥፈው፣ የአንድ ቀን ታሪክ በቅደም ተከተል እንዲስሉበት አደረግኩ። ከዚያ አንዱን ሥዕል ብቻ መርጠው ስለሱ ይጽፋሉ። ለብዙዎቹ ሠራ።

አንድ ዝምተኛ ልጅ ብስክሌት የተማረበትን ቀን ሳለ። አራተኛው ሥዕል ላይ ወድቋል፤ ጉልበቱ ቀይ ነው። እኔም ጓጉቼ «ይሄንን ጻፍ! ጥሩው ይሄ ነው» አልኩት። ታዛዥ ልጅ ስለሆነ ጻፈ። «ወደቅኩ። አመመኝ። አለቀስኩ።» እርሳሱንም አስቀመጠ።

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ደብተሩን ዘጋሁና «እስቲ ሥዕሎቹን እያሳየኸኝ አውራኝ» አልኩት። መውደቁን በአንድ ቃል አለፈው። አምስተኛው ሥዕል ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ቆመ። እህቱ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን እፍ ትልለታለች።

«እሷ እኮ ሁልጊዜ ትመታኛለች» አለኝ። «የዛን ቀን ግን እፍ አለችልኝ።»

ድምፁ ተለወጠ። እኔ የመረጥኩለት ደሙን አይቼ ነው። የሱ ታሪክ እዚያ አልነበረም። ርዕሱን ራሴ አጥብቤ ስሰጠው ርዕሱ የኔ ሆነ፤ እሱ ስለኔ ርዕስ ምን ይጻፍ? ዛሬ ማንም ልጅ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ለጓደኛው እንዲያወራ አደርጋለሁ። እኔም የሥዕሉን ማማር ትቼ ወሬው የት ላይ እንደሚሞቅ አዳምጣለሁ። የ30 ልጅ ክፍል ውስጥ ጊዜ ይበላል፣ አውቃለሁ። ግን ያዋጣል።

ያን ቀን ልጁ «ቲቸር፣ ይሄም ይጻፋል እንዴ?» አለኝ። ለካ ትንሽ ነገር ደብተር ላይ የማይጻፍ ይመስላቸዋል!

«ይጻፋል። የት ተቀምጠህ ነበር? እሷስ ምን አለችህ?»

መልሱን ለኔ ከመንገር ይልቅ ደብተሩን ከፈተ። ገጹን ሞላው። የጻፈው ነገር ሲፈጸም ቢበዛ 2 ደቂቃ የፈጀ ነው። ሲጨርስ ርዕሱን በላጲስ አጥፍቶ «እፍ ያለችልኝ ቀን» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ትንሽ ሰጋ መሰለኝ ቀና አለ።

«ይሄም ስለ ቤተሰቤ ነው፣ አይደል?»

«ነው» አልኩት።